ልባቸው ቆሞ ለተመለሰ ሰዎች ሃይድሮጅን ማስተንፈስ ይጠቅማል?

ልብ ቆሞ በሕክምና ቢመለስም አደጋው አያልቅም። ኦክስጅን ያጣው አንጎል ደም እንደገና ሲደርሰው ጎጂ ሞለኪውሎች ይፈጠራሉ፤ ጉዳቱም ይቀጥላል።

በጃፓን 15 ሆስፒታሎች ራሳቸውን ስተው በማሽን ለሚተነፍሱ ሕሙማን 2 በመቶ ሃይድሮጅን ከኦክስጅን ጋር ለ18 ሰዓት ተሰጠ። ሃይድሮጅን ተቀጣጣይ አይደል? ነው፤ ግን መጠኑ ከ4 በመቶ ካነሰ አይቀጣጠልም።

እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመውን ውጤት አይተነዋል፦
• ከ90 ቀን በኋላ በሕይወት የነበሩ፦ ሃይድሮጅን ካገኙት 85 በመቶ፣ ካላገኙት 61 በመቶ
• ያለ ምንም ችግር ያገገሙ፦ 46 በመቶ እና 21 በመቶ

ደስ ይላል፤ ግን አንቸኩል። የተሳተፉት 73 ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ጥናቱም በኮቪድ ምክንያት ሳያልቅ ቆሟል። በዋናው መለኪያ የታየው ልዩነት የአጋጣሚ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ቀድሞ የሚደርሰው እጃችን ነው። ሰው ወድቆ ካልነቃና ካልተነፈሰ አምቡላንስ እንጥራ፤ ደረቱን መሐል ላይ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ በኃይል እንጫን።