«ለመደው» ሲሉ

ኮምቦልቻ ያሉት አክስቴ ሰሞኑን ደወሉልኝ። ልጃቸው አሜሪካ ነው የሚኖረው፤ ሶሪያሲስ የሚባለው፣ ቆዳን እያቀላ ነጭ ቅርፊት የሚያስነሳው በሽታ አለበት። በየሁለት ሳምንቱ የሚወጋው አዳሊሙማብ የተባለ መርፌ ሁለት ዓመት ያህል ቆዳውን አጥርቶለት ነበር። አሁን ቅርፊቱ ተመልሶ መጣ። «አንድም ቀን አላዘለልኩም ይላል። እኔ ግን አላመንኩትም። ወይስ ሰውነቱ ለመደው?» አሉኝ።

«ለመደው» የምትባለው ነገር እኛ አገር የቆየ ታሪክ አላት። ከደሴ በስተሰሜን ቦሩ ሜዳ አለ፤ አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. የሃይማኖት ጉባኤ ያደረጉበት ሜዳ ነው። የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ያቋቋመውም እዚያው ነው። ልጆች ሳለን ወደዚያ የሚሄድ ሰው ካየን እንሸሽ ነበር። ሥጋ ደዌ ይሁን ሶሪያሲስ ማን ይለያል? ሶሪያሲስ እኮ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም!

በዚያ ዘመን የሥጋ ደዌ ዋናው መድኃኒት ዳፕሶን ነበር። ርካሽ ክኒን ናት፤ ብቻዋን ለዓመታት፣ ለብዙዎችም ዕድሜ ልክ ትሰጥ ነበር። ብዙ ሰው አድናለች። ነገር ግን በአንድ ሰው ገላ ውስጥ ካሉት እልፍ አእላፍ ጀርሞች ጥቂቶቹን አትደፍራቸውም፤ ሌሎቹ ሲያልቁ እነዚያ ይባዛሉ። ይህ እ.ኤ.አ. በ1964 ማሌዥያ ውስጥ ተረጋገጠ። በ1977 ደግሞ ከአዲስ አበባ የባሰ ነገር ተጻፈ፦ ዳፕሶንን ቀምሰው የማያውቁ በሽተኞች ከመጀመሪያው የተላመደ ጀርም ይዘው ተገኙ። ታዲያ «ክኒኑን እያቋረጠ ነው» ብሎ በሽተኛውን መውቀስ ቀላል ነው። የሚያቋርጥም ነበር፤ ስንት መንገድ በእግሩ የሚመጣ ገበሬ ክረምት ቢያስቀረው ምን ይገርማል? እነዚህ ግን ምን አቋረጡ? የዓለም ጤና ድርጅት ጀርሙ ለበዛባቸው ዳፕሶን፣ ሪፋምፒሲንና ክሎፋዚሚን አንድ ላይ እንዲሰጡ የመከረው በ1981 ነው። እኛ ጋ በ1983 ተጀመረ።

የአክስቴ ልጅ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ሶሪያሲስ ውስጥ የሚላመድ ጀርም የለም፤ የሰውነት መከላከያ የገዛ ቆዳውን ሲያውክ ነው። መርፌው ቲኤንኤፍ የተባለውን፣ ቆዳውን የሚያስቆጣውን ፕሮቲን ይይዛል። ችግሩ፣ መርፌው ራሱም ፕሮቲን ነው። አንዳንድ ሰውነት እንደ ባዕድ ይቆጥረውና አንቲቦዲ ያመርትበታል፤ አንቲቦዲው መድኃኒቱን ጠልፎ ከደም ያስወጣዋል። እንግዲህ ሰውነቱ መቼ ለመደው? አልለምድም አለ እንጂ! መርፌ ማዘለል ነገሩን ሊያብሰው ይችላል፤ ሳያዘልሉም ግን ይደርሳል። ክብደት ሲጨምርም መጠኑ ሊያንስ ይችላል። አንዳንዴ ደግሞ አንቲቦዲ ሳይኖር በሽታው በሌላ በር ይመጣል። ሐኪሞች በደም ውስጥ የቀረውን መድኃኒት ይለካሉ፤ ሜቶትሬክሴት ይጨምራሉ፣ ወይም በሌላ መንገድ ወደሚሠራ መርፌ ያዞሩታል።

«አብሽሩ፣ ሌላ መርፌ አለ» አልኳቸው።

«እሱስ ይሁን። ልጄ እውነቱን ሊሆን ይችላል ነው የምትለኝ?»

«ይችላል እንጂ።»

ዝም አሉ። «በል ዝጋው፤ ትናንት ክፉ ተናግሬዋለሁ፣ ልደውልለት» አሉኝ።