የዋግ ኽምራ አፈር

በሰቆጣና በዙሪያዋ ተዳፋቶች የሚገኘው የዋግ ኽምራ አፈር በአብዛኛው ከዓለት ፍርስራሽ የተፈጠረ፣ ስስና ድንጋያማ ጭንጫ ነው። የሰብሉን መክሰም በዝናብ ማነስ ብቻ የሚያሳብቡ አሉ። ዝናቡ በሐምሌና በነሐሴ ታጭቆ ወርዶ ቶሎ መቆሙ እውነት ነው፤ ከወረደው ውስጥ ስንቱ ለሥር እንደሚቆይ የሚወስነው ግን የአፈሩ ጥልቀት ነው። ለማነጻጸር፣ በአሜሪካ አዮዋና ነብራስካ፣ በበረዶ ዘመን ነፋስ ያከማቸው ደቃቅ ብናኝ ብዙ ሜትር የሚጠልቅ የሣር ምድር አፈር ፈጥሯል። ይህ አፈር ትርፉን ውሃ ወደ ታች ያሳልፋል፣ ሥር የሚጠጣውን በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ይይዛል፤ ስለዚህ ዝናብ ለሳምንታት ቢቋረጥም ሰብሉ ይታገሣል። ጭንጫው ግን ዓለቱ ቅርብ ስለሆነ ጥቂት ጠጥቶ ይሞላል፤ የቀረው ጎርፍ ሆኖ አፈሩን ጠርጎ ወደ ተከዜ ወንዝ ይወርዳል።

ጥልቀት ብቻውን ዋስትና አይደለም የሚል ቢኖር ልክ ነው፤ የቻይናው ቢጫ ወንዝ ቀለሙን ያገኘው እንዲህ ካለው ጥልቅ አፈር መሸርሸር ነው። ይህ ግን ክርክሩን ያጠናክረዋል፦ ጥልቅ አፈር እንኳ ካልተያዘ የሚሄድ ከሆነ፣ ስሱ ይበልጥ መያዝ አለበት። በዋግ ተዳፋቶች የድንጋይ እርከን የውሃውን ፍጥነት ይገታል፤ ደለሉም ከካቡ በላይ እየተከማቸ በየክረምቱ አፈሩን ያጠልቃል።