ፊተ ክፍት የሞተር ሳይክል ሄልሜት

ፊተ ክፍት ሄልሜት (ጄት ሄልሜት ወይም ሦስት አራተኛ ሄልሜት ተብሎም ይጠራል) የሞተር ሳይክል አሽከርካሪን ግንባር፣ አናት፣ ጆሮና የኋላ ራስ የሚሸፍን፣ ፊትንና አገጭን ግን ክፍት የሚተው የራስ መከላከያ ነው። ጆሮን ከማይሸፍነው ግማሽ ሄልሜት የተሻለ፣ የአገጭ መከላከያ ካለው ሙሉ ሄልሜት ግን ያነሰ ከለላ ይሰጣል። ቀላልና ነፋሻማ በመሆኑ በተለይ በከተማ ውስጥና በሞቃት አካባቢ ይዘወተራል። ሄልሜቱ ለሥራው እንዲበቃ ሁለት ነገሮችን ማሟላት አለበት፦ ለመንገድ የተፈቀደ መሆን፣ እንዲሁም በለባሹ ራስ ልክ መግጠም።

ታሪክ

እንግሊዛዊው ጸሐፊና የጦር መኮንን ቲ. ኢ. ሎሬንስ እ.ኤ.አ. በ1935 በሞተር ሳይክል አደጋ ራሱ ላይ ተጎድቶ ሞተ። ካከሙት ሐኪሞች አንዱ የነበረው የነርቭ ቀዶ ሐኪም ሂው ኬርንስ ከዚያ በኋላ የሞተረኞችን የራስ ጉዳት አጥንቶ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1941 አሳተመ። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ጦር ሞተረኞቹ በሥራ ላይ ሄልሜት እንዲያደርጉ አስገደደ።

እ.ኤ.አ. በ1953 የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ቻርልስ ሎምባርድ የምትን ኃይል የሚመጥ የውስጥ ሽፋን ላለው ሄልሜት የፈጠራ መብት ጠየቀ። የዛሬዎቹ ሄልሜቶች በዚሁ ሐሳብ ላይ የተመሠረቱ ናቸው። ፊትን በሙሉ የሚሸፍነው ዓይነት በ1960ዎቹ መጨረሻ ለሞተረኞች እስኪቀርብ ድረስ ፊተ ክፍቱ በሰፊው ያገለግል ነበር።

አሠራር

ሄልሜት አራት ዋና ክፍሎች አሉት።

• የውጭ ቅርፊት፦ ከፕላስቲክ ወይም ከፋይበርግላስ ይሠራል። ምትን በሰፊ ቦታ ይበትናል፤ ስለታም ነገር እንዳይገባም ይከላከላል።
• ኃይል መጣጭ ሽፋን፦ ብዙውን ጊዜ ጠጣር ፎም (ፖሊስታይሪን) ነው። ራስ ሲመታ ፎሙ እየተጨፈለቀ ኃይሉን ይውጣል። አንዴ ከተጨፈለቀ ወደ ነበረበት አይመለስም።
• የምቾት ስፖንጅ፦ ራስንና ጉንጭን የሚይዝ ለስላሳ ክፍል ነው። ከምት የመከላከል ሥራው አነስተኛ ነው።
• የአገጭ ማሰሪያ፦ በአደጋ ጊዜ ሄልሜቱ ከራስ እንዳይወልቅ ያደርጋል። ካልታሰረ ሌሎቹ ክፍሎች ዋጋ የላቸውም።

እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የኮክሬን የጥናቶች ግምገማ፣ ሄልሜት አደጋ የደረሰበት ሞተረኛ የሚሞትበትን ዕድል በ42 በመቶ፣ ራሱ ላይ የሚጎዳበትን ዕድል ደግሞ በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አስልቷል።

የሕጋዊነት ምልክቶች

በአውሮፓና በሌሎች በርካታ አገሮች የሚሠራበት መለኪያ የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 22 ነው። ደንቡን ያሟላ ሄልሜት በማሰሪያው ላይ የተሰፋ ምልክት አለው፤ ይህም በክብ ውስጥ የተጻፈ «ኢ» የሚል የላቲን ፊደልና ፈቃዱን የሰጠውን አገር የሚያመለክት ቁጥር ነው። 1 ጀርመንን፣ 2 ፈረንሳይን፣ 3 ጣሊያንን ያመለክታል። ከዚያ የሚከተለው የፈቃድ ቁጥር በ05 ወይም በ06 ሲጀምር የደንቡን እትም ይነግራል። እትም 06 ከቀድሞው በተለየ የምቱን ፍጥነት በሦስት ደረጃ ይፈትሻል፤ በሰያፍ የሚመጣና ራስን የሚያሽከረክር ምትንም ይመረምራል። «ጄ» የሚለው የላቲን ፊደል ሄልሜቱ የአገጭ መከላከያ እንደሌለው፣ «ፒ» ደግሞ አገጭን የሚከላከል ሽፋን እንዳለው ይገልጻል።

በአሜሪካ ያለው መለኪያ የፌዴራል ደንብ ቁጥር 218 ሲሆን ምልክቱ «ዲ.ኦ.ቲ.» የሚሉት የላቲን ፊደላት ናቸው፤ ከሄልሜቱ ጀርባ ይለጠፋል። በአውሮፓው አሠራር ሄልሜቱ ለሽያጭ ከመቅረቡ በፊት ተፈትኖ ፈቃድ ያገኛል። በአሜሪካ ግን ደንቡን ማሟላቱን የሚያረጋግጠው አምራቹ ራሱ ነው፤ መንግሥት ከገበያ ገዝቶ ይፈትሻል። ስለዚህ በአንድ አገር የተፈቀደ ሄልሜት በሌላው ላይፈቀድ ይችላል።

ተለጣፊ ምልክት በቀላሉ ሊመሰል ስለሚችል ሄልሜቱን ራሱን ማየት ያስፈልጋል። የውስጥ ፎሙ ቀጭን የሆነ ወይም ከስፖንጅ በቀር ምንም የሌለው ሄልሜት ጌጥ እንጂ መከላከያ አይደለም። የግንባታ ሠራተኛ ቆብና የብስክሌት ሄልሜትም ለሞተር ሳይክል አልተሠሩም።

ልክና ምቾት

የራስ ዙሪያ ከቅንድብ በላይ በግንባርና ሰፊ በሆነው የኋላ ራስ ክፍል በኩል በሜትር ይለካል። የአምራቾች የልክ ሰንጠረዥ ስለሚለያይ ቁጥሩ መነሻ ብቻ ነው፤ የራስ ቅርጽም ከሰው ሰው ይለያል። ጸጉሩ ብዙ የሆነ ወይም ሹሩባ የሚሠራ ሰው ዘወትር በሚያሽከረክርበት የጸጉር ሁኔታ ቢለካ ይመረጣል።

አዲስ ሄልሜት ጠበቅ ማለት አለበት፤ ስፖንጁ በአገልግሎት ይለሰልሳልና። ለሙከራ የሚከተሉትን ማድረግ ይቻላል።

• ማሰሪያውን አስሮ ሄልሜቱን ግራና ቀኝ ማዞር፤ የግንባርና የጉንጭ ቆዳ አብሮ መንቀሳቀስ አለበት።
• ከኋላ ከታች ይዞ ወደ ፊት ለማውለቅ መሞከር፤ ከወለቀ ሰፊ ነው።
• ለ10 ወይም ለ15 ደቂቃ አድርጎ መቆየት፤ ግንባር ላይ አንድ ነጥብ ላይ ሕመም ከተሰማ ቅርጹ አይስማማም።
• መነጽር የሚያደርግ ሰው መነጽሩን አድርጎ መሞከር።

ምቾት የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። የሚያሳምም ሄልሜት ማሰሪያው ይላላል፤ ውሎ አድሮም ቤት ይቀራል።

ጉድለቶች

ፊተ ክፍት ሄልሜት አገጭን፣ መንጋጋንና ጥርስን አይከላከልም። የፊት መስታወት ቢኖረውም መስታወቱ አቧራን፣ ነፍሳትንና ነፋስን እንጂ ምትን አያስቀርም። መስታወት ከሌለው የዓይን መከላከያ መነጽር ያስፈልጋል። የነፋስ ድምፅም ከሙሉ ሄልሜት ይልቅ ይሰማል። በፈጣን መንገድ ርቆ ለሚጓዝ ሰው ሙሉ ሄልሜት የተሻለ ምርጫ ነው።

አያያዝ

ሄልሜት በለብታ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ይጸዳል፤ ቤንዚንና ቀለም ማቅጠኛ ቅርፊቱንና ፎሙን ይጎዳሉ። በአደጋ የተመታ ሄልሜት ከውጭ ደህና ቢመስልም ይለወጣል። ያልተመታውንም ብዙ አምራቾች በ5 ዓመት ገደማ እንዲለወጥ ይመክራሉ። ያገለገለ ሄልሜት ከዚህ በፊት ተመትቶ እንደሆነ በዓይን ማወቅ አስቸጋሪ ስለሆነ ታሪኩ ካልታወቀ ባይገዛ ይመረጣል።