«ፊሂ ነዘር»፦ በፖርት ቤል ወደብ የተማርነው ሐረግ

በዚህ እትማችን የምናወጋችሁ ከአንዲት አጭር ሐረግ ስላገኘነው ትምህርት ነው። ሐረጓ ዐረብኛ ናት። የሰማናት ግን ከመጽሐፍ ሳይሆን በፖርት ቤል፣ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ቆመን ነው። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ እንዲህ ነው። ከካምፕ ለአጭር ሥልጠና ወደ ካምፓላ የመጣን መምህራንና የጎልማሶች ክፍል ተማሪዎች፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ታክሲ ተሳፍረን በሉዚራ በኩል ወደ ወደቡ ወረድን። ዓላማችን የታሪክ ትምህርትን ከጥቁር ሰሌዳ አውጥተን በቦታው ላይ ማየት ነበር። የባቡር ሐዲዱ ከውሃው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ደርሰን እንደቆምን ከመካከላችን አንዱ መምህር «ፖርት ቤል የሚለው ስም ከየት መጣ?» ብሎ ጠየቀ። አንድ ወጣት ተማሪ ፈጠን ብሎ «ከቢራው ነዋ! ቤል ቢራ እዚሁ አይደል እንዴ የሚጠመቀው?» አለ። ሁሉም ሳቀ። መልሱ ግን ለሁላችንም ትክክል መስሎ ታየን። ፋብሪካው እዚያው ነው፣ ስሙም አንድ ነው። ታዲያ ምን ቀረ?

በዚህ ጊዜ ከሱዳን የመጡ አንድ ሸምገል ያሉ ተማሪያችን ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው «ኡስታዝ፣ ይቅርታ፤ ፊሂ ነዘር» አሉ።

ሐረጓ ምን ማለት ናት?

ቃል በቃል ሲፈታ «በውስጡ ማየት አለበት» እንደማለት ነው። ወደ አማርኛችን ሲመለስ «ነገሩ ገና መታየት አለበት»፣ «ይህስ ያስመረምራል» የሚለው ይቀርበዋል። ልብ በሉ፣ እኚህ ሰው በየቀኑ የሚናገሩት የሱዳን ዐረብኛ ነው። በዚያ ተራ ንግግር «ልክ አይደለም» ብለው መጨረስ ይችሉ ነበር። እርሳቸው ግን የመጽሐፉን፣ የሊቃውንቱን ዐረብኛ መረጡ። እኛም አገር እኮ ሽማግሌ በጨዋታ መሐል የግእዝ ቃል ጣል ሲያደርግ ሰሚው ጆሮውን ይሰጣል፤ ነገሩ ከወሬ ወደ ፍርድ እንደተሸጋገረ ይገባዋልና።

ሐረጓ በእስልምና ሊቃውንት መጻሕፍት ውስጥ የኖረች ናት። አንድ ጸሐፊ የሌላውን አስተያየት ከጠቀሰ በኋላ «ወፊሂ ነዘር» ካለ «እኔ በዚህ አልረካሁም፣ ምክንያቴን ልናገር» ማለቱ ነው። በ870 ያረፉት ታላቁ የሐዲስ ሰብሳቢ አል-ቡኻሪ ስለ አንድ ዘጋቢ «ፊሂ ነዘር» ካሉ፣ ቃሉ ለስላሳ ይምሰል እንጂ ትችቱ ከባድ እንደሆነ በኋላ የመጡ ሊቃውንት ያስረዳሉ። ሐረጓ ሰውን አትሰድብም። የተባለውን ነገርም ወዲያውኑ አትጥልም። ነገሩን ከፊት አስቀምጣ «እስቲ እንየው» ትላለች። መተንተን የሚጀመረውም ከዚህ ነው።

ስሙን ስንመረምረው

እኛም «እሺ፣ እንየው» አልንና ዓመታቱን መሬት ላይ በእንጨት ጻፍናቸው። ሄስኬዝ ቤል የተባለው እንግሊዛዊ ዑጋንዳን ለማስተዳደር ኮሚሽነር ሆኖ የመጣው በ1906 ነው። ቀጥሎ ገዥ የሚለውን ማዕረግ አገኘ፤ ብዙም ሳይቆይ ወደ ሰሜን ናይጄሪያ ተዛወረ። ወደቡ የተሰየመው በእርሱ ስም ነው። የቢራ ፋብሪካው ኩባንያ ግን የተቋቋመው በ1946 ነው። ከ1906 እስከ 1946 ድፍን 40 ዓመት ነው። የኋለኛው ለፊተኛው ስም ሊያወጣለት አይችልም። እንግዲህ ወደቡ በሰውየው ተሰየመ፣ ቢራው ደግሞ ስሙን ከወደቡ ወረሰ።

ወጣቱ ተማሪ አላፈረም፤ ማንም «ተሳሳትክ» አላለውምና። እንዲያውም ዓመታቱን የቀነሰው እርሱ ራሱ ነው። የመጀመሪያው ትምህርታችን ይኸው ነው፦ ሁለት ነገሮች አንድ ቦታ ላይ ስለተገኙ ብቻ አንዱ የሌላው ምክንያት ነው ማለት አይቻልም። የቱ ቀደመ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

«ሰው ያልነበረበት ዳርቻ»

ሁለተኛው ጥያቄ ከበድ ያለ ነበር። ከመምህራኑ አንዱ «እንግሊዞች ሲመጡ የሐይቁ ዳርቻ ብዙው ባዶ መሬት ነበር የሚል ነገር አንብቤአለሁ» አለ። ሽማግሌው ፈገግ አሉ። በዚህ ጊዜ ሐረጓን ያነሱት ሌሎቹ ተማሪዎች ናቸው። «ፊሂ ነዘር!» ብለው በአንድ ድምፅ ጮኹ።

እውነትም የሚታይ ነገር አለው። ከ1900 ጀምሮ በቪክቶሪያ ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ የእንቅልፍ በሽታ ወረርሽኝ ገብቶ ነበር። በሽታውን የሚያስተላልፈው ቆላ ዝንብ (ጼጼ) በውሃ ዳር ባለው ቁጥቋጦ ውስጥ ይኖራል። በሁለት አሥርት ዓመታት ውስጥ ከ200,000 በላይ ሰው እንዳለቀ ይገመታል። የቤል አስተዳደር የወሰደው እርምጃ ሕዝቡን ከውሃው 2 ማይል ያህል አርቆ ማስፈር ነበር። ዓሣ አጥማጁ ከጀልባው፣ ገበሬው ከሙዝ እርሻው ተነሣ። ቤል ስለዚህ እርምጃ በ1909 ሪፖርት አሳትሟል።

ስለዚህ ከእርምጃው በኋላ የመጣ ሰው «ዳርቻው ባዶ ነው» ብሎ ቢጽፍ በዓይኑ ያየውን ነው የጻፈው። ግን ከመቼ ጀምሮ ነው ባዶ የሆነው? በማን ትእዛዝ? የነበሩትስ ወዴት ሄዱ? እነዚህን ካልጠየቀ ያየው እውነት ሆኖ ሳለ የተናገረው ስሕተት ይሆናል። እርምጃው የብዙ ሰው ሕይወት አድኗል የሚሉ አሉ። ሰዎችን ከኑሯቸው ነቅሏል የሚሉም አሉ። ሁለቱም ማስረጃ አላቸው። እኛ ግን ከቤቱ የተነሣ ሰው ምን እንደሚሰማው ማንም አያስተምረንም። ነገ የእኛን መንደር አይቶ «እዚህ ሰው አልነበረም» ብሎ የሚጽፍ ቢመጣስ? «ፊሂ ነዘር» የሚልልን ማን ነው? ራሳችን መማር አለብን።

ዐረብኛ ወደዚህ ሐይቅ እንዴት ደረሰ?

ዐረብኛ ለዚህ አገር የትናንት እንግዳ አይደለም። የገባውም በሁለት በር ነው። አንደኛው የምሥራቁ ነው። በ1844 ከባሕር ጠረፍ የተነሣ አሕመድ ቢን ኢብራሂም የተባለ ነጋዴ በቡጋንዳው ካባካ በሱና ግቢ ደረሰ። ንጉሡ ሰዎችን ሲያስገድል አይቶ «እነዚህ የፈጣሪ ፍጡራን ናቸው» ብሎ እንደተቃወመ ይነገራል። የሱና ልጅ ቀዳማዊ ሙቴሳ ዐረብኛ ማንበብና መጻፍ ተማረ፣ ረመዳንም መጾም ጀመረ። በግቢው ያደጉ ወጣቶችም አብረውት ተማሩ።

ማንበብ ደግሞ ጥያቄ ይወልዳል። ወጣቶቹ የተማሩትን ይዘው «ያልተገረዘ ሰው ጸሎት ሊመራን ይችላልን? እርሱ ያሳረደውን ሥጋስ እንበላለን?» ብለው እምቢ አሉ። ንጉሡ ይህን እንደ አመፅ ቆጠረው። በ1876 ወደ 70 የሚጠጉ ሙስሊም ወጣቶች በናሙጎንጎ ተገደሉ። አሥር ዓመት ቆይቶ በ1886 በልጁ በምዋንጋ ዘመን ክርስቲያን ወጣቶች በዚያው ስፍራ ተቃጠሉ። ናሙጎንጎ እዚሁ ካምፓላ አጠገብ ነው። በሉጋንዳ የአዲሱ ሃይማኖት ተከታዮች «አባሶሚ»፣ ማለትም «አንባቢዎች» ይባሉ እንደነበር ስንሰማ ዝም አልን። መጠየቅ ዋጋ የሚያስከፍልበት ዘመን እንደነበረ አንርሳ።

ሁለተኛው በር የሰሜኑ ነው። በ1891 ካፒቴን ሉጋርድ ከአልበርት ሐይቅ አካባቢ የኤሚን ፓሻ የነበሩትን ሱዳናውያን ወታደሮች ይዞ መጣ። የልጅ ልጆቻቸው ኑቢ ይባላሉ፤ ከዐረብኛ የተወለደውን ኪኑቢ ቋንቋም እስከ ዛሬ ይናገራሉ።

ከዘይላ የተነሣው ሊቅ

ከሶማሌና ከኢትዮጵያ የመጣን ደግሞ በዚህ ዕውቀት ውስጥ የራሳችን ድርሻ አለን። በመካከለኛው ዘመን ከአፍሪካ ቀንድ የሄዱ ተማሪዎች በካይሮ ይማሩ ነበር። ከእነዚያ መካከል በትውልድ ስሙ የዘይላን ወደብ የሚጠራው ጀማሉዲን ዓብዱላህ አል-ዘይለዒ ይገኝበታል። ያረፈው በ14ኛው ክፍለ ዘመን በካይሮ ነው። «ነስብ አር-ራያ» በተባለው መጽሐፉ፣ «አል-ሂዳያ» በሚባለው የሕግ መጽሐፍ ውስጥ የተጠቀሱትን ሐዲሶች አንድ በአንድ እየተከተለ ምንጫቸውን ፈለገ።

ሁለት ነገር እንማርበታለን። ምንጩን ያጣለትን ሐዲስ «ገሪብ» ይለዋል። ቃሉ «እንግዳ፣ ባዕድ» ማለት ነው፤ እርሱ ግን «ፈለግሁት፣ አላገኘሁትም» ለማለት ይጠቀምበታል። የራሱ ወገን መጽሐፍ ነው ብሎ አልሸፋፈነም። ሌላው ደግሞ የእርሱን የሕግ ትምህርት ቤት የማይከተሉ ሰዎች የሚያቀርቡትን ማስረጃ «የተከራካሪዎች ሐዲሶች» ብሎ ለብቻ አስቀምጦላቸዋል። የተቃዋሚህን ማስረጃ ሳትደብቅ አቅርብ፤ ከዚያ ፍረድ። ዛሬ በዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ይህንኑ አይደል?

በእኛስ ቋንቋ?

አንድ ተማሪ «ይህ የዐረቦች ነው፣ ለእኛ ምን ያደርጋል?» ብሎ ነበር። በዚህም ላይ ማየት ነበረብን። «ነዘረ» የሚለው የዐረብኛ ሥር ከግእዙ «ነጸረ» ጋር ወንድማማች ነው። ሁለቱም «አየ፣ ተመለከተ» ማለት ናቸው። ከዚያው ሥር «መነጽር»፣ «ነጽሮት»፣ «ማነጻጸር» አሉን። በየጽሑፋችን «ከዚህ አንጻር» ስንል የምንጠራው ያንኑ ሥር ነው። ሁለቱን ዓመታት ጎን ለጎን ጽፈን ያነጻጸርን ጊዜ ሳናውቀው «ነዘር» ስናደርግ ነበር ማለት ነው። ኪስዋሂሊም ሐልዮት ለማለት «ናዛሪያ»፣ ማስረጃ ለማለት «ዳሊሊ»፣ ምክንያት ለማለት «ሳባቡ» ይላል። ይህ የመጨረሻው በእኛ «ሰበብ» ሆኖ ገብቷል።

በቤተ ክርስቲያን የመጻሕፍት ትርጓሜ ቤት መምህሩ ግእዙን አንብቦ በአማርኛ ይፈታና «አንድም» ብሎ ሌላ ትርጉም ይጨምራል። በወሎም ደረሳው ከሼኹ ፊት ቁጭ ብሎ ኪታቡን በዐረብኛ ይቀራል፣ ማብራሪያውን በአማርኛ ይሰማል። ፍትሐ ነገሥትም ቢሆን በ13ኛው ክፍለ ዘመን በዐረብኛ በግብፃዊው ክርስቲያን በኢብን አል-ዐሳል ተዘጋጅቶ ኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰ ነው። እንግዲህ መመርመር የአንድ ሃይማኖት ወይም የአንድ ሕዝብ ብቻ ርስት አይደለም።

በሰፈራችን ሲሆን

ይህን ሁሉ የምንጽፈው ለጨዋታ ብቻ አይደለም። በአንድ ወቅት በሰፈራችን «ወደ ሦስተኛ አገር የሚሄዱ ሰዎች ስም ዝርዝር ወጥቷል፣ ገንዘብ የከፈለ ይቀድማል» የሚል ወሬ ተነዛ። ከእኛ ከመምህራኑም ወሬውን ሳያጣራ ለሌላ ያቀበለ አለ፤ እንናዘዛለን። አንዲት እናት የልብስ ስፌት መኪናዋን ሸጣ ለደላላ ሰጠች። ዝርዝሩ አልነበረም። መኪናውም አልተመለሰም። ያን ቀን ከመካከላችን አንድ ሰው «ፊሂ ነዘር፤ ዝርዝሩን በዓይኑ ያየ ማን ነው? የተለጠፈው የት ነው?» ብሎ ቢሆን ኖሮ ያቺ እናት ዛሬም ትሰፋ ነበር። የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን አገልግሎት በነጻ እንደሆነ ለሁሉም ንገሩ።

ጥንቃቄም ያሻል። ሁሉን መጠርጠር ምርመራ አይደለም። «ፊሂ ነዘር» ያለ ሰው ቀጥሎ ምክንያቱን መናገር አለበት፤ አለዚያ አፍ ማሳመር ብቻ ይሆናል። መምህራንም ተማሪ ይህን ሲለን አንቆጣ። ክብራችን የሚጎዳው ስንጠየቅ ሳይሆን ስንጠየቅ መልስ ስንደብቅ ነው። በፖርት ቤል ያ ሽማግሌ ተማሪ ባይናገሩ ኖሮ ሁላችንም የተሳሳተ ነገር ይዘን ወደ ክፍል እንመለስ ነበር።

ለክፍል ውይይት፦

1. በአካባቢያችሁ አንድ የቦታ ስም ምረጡ። ስሙ ከየት እንደመጣ ሦስት ሰዎችን ጠይቃችሁ መልሳቸውን አነጻጽሩ። የቱ ቀደመ?

2. በዚህ ሳምንት የሰማችሁትን አንድ ወሬ ጻፉ። ማን አየ? ማን ሰማ? ማን ይጠቀማል?

3. በየቋንቋችሁ «ይህ ያስመረምራል» የሚባለው እንዴት ነው? ለታላቅ ሰው በአክብሮት ሲባልስ? መልሳችሁን ላኩልን፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።

እኛም በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያልታየን ነገር ካለ በአክብሮት «ፊሂ ነዘር» በሉን። ደስ ይለናል። ቸር ይግጠመን።