የትርፍ ጊዜ ሊቃውንት

እንጀራውን በሌላ ሙያ የሚበላ ሰው ታላቅ ሙዚቃ ሊደርስ ይችላል? ጥያቄው እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ሴንት ፒተርስበርግን ለሁለት ከፍሎ ነበር።

በአንድ ወገን አንቶን ሩቢንስታይን ቆመ። በ1861 ባወጣው ጽሑፍ አማተሮችን አጥብቆ ነቀፈ፤ በዓመቱም የሩሲያን የመጀመሪያ ኮንሰርቫቶሪ ከፈተ። በሌላው ወገን ሚሊ ባላኪሬቭን የከበቡ አራት ወጣቶች ነበሩ፦ ኬሚስቱ ቦሮዲን፣ የምሽግ መሐንዲሱ ኩዊ፣ የመንግሥት ሠራተኛው ሙሶርግስኪ፣ የባሕር ኃይል መኮንኑ ሪምስኪ-ኮርሳኮቭ። ተሰብስበው የጻፉትን በፒያኖ እየተጫወቱ እርስ በርስ ይተቻቹ ነበር። የባላኪሬቭ እርማት ምሕረት አያውቅም።

ትችቱ ፍሬ አፈራ። ቦሮዲን በ1862 የጀመረው የመጀመሪያ ሲምፎኒ በ1869 በባላኪሬቭ መሪነት ለሕዝብ ቀረበ። ጓደኛ ግን ትምህርት ቤትን አይተካም። ሪምስኪ-ኮርሳኮቭ በ1871 በዚያው ኮንሰርቫቶሪ ፕሮፌሰር ሲሆን የመሠረታዊ ዕውቀቱን ክፍተት አየ፤ እያስተማረ ራሱ ተማረ።

ቦሮዲን «ልዑል ኢጎር» የተባለውን ኦፔራ በ1869 ጀምሮ፣ ከላቦራቶሪውና ከተማሪዎቹ በተረፈው ጊዜ ለ18 ዓመት ሲጽፍ ኖረ። በ1887 ድንገት ሲሞት ሥራው አላለቀም ነበር። የጨረሱት ሪምስኪ-ኮርሳኮቭና ግላዙኖቭ ናቸው።

ሩቢንስታይን ስለ ትምህርት እውነት ነበረው። ኦፔራውን ከመቃብር ያተረፈው ግን ያንን ትምህርት ለጓደኛው ሥራ ያዋለ ወዳጅ ነው።