የ532 አካፋዮች

በ2000 ዓ.ም. ትንሣኤ የዋለው ሚያዝያ 19 ቀን ነበር። ዘመኑ ዘመነ ዮሐንስ፣ አበቅቴው 23፣ መጥቅዑ 7። ወደ ኋላ ተጉዘን በዐፄ በእደ ማርያም ዘመነ መንግሥት፣ በ1468 ዓ.ም. ብንቆም፣ ያው ዮሐንስ፣ ያው 23 እና 7፣ ትንሣኤም ያው ሚያዝያ 19 ሆኖ ይጠብቀናል። በሁለቱ በዓላት መካከል 532 ዓመት አለ።

የባሕረ ሐሳብ ተማሪ ይህን ቁጥር «ዐውደ ቀመር» ብሎ በቃሉ ያጠናዋል። እኔን ሲያሳስበኝ የኖረው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ ለምን 532? ለምን ክብ የሆነው 500 ወይም 600 አልሆነም?

መልሱ በአካፋዮቹ ውስጥ ተቀምጧል። ዕለታት በ7 ይዞራሉ፤ ወንጌላውያን በ4። ሁለቱ ተባዝተው 28 ይሆናሉ፤ ዐውደ ፀሐይ የሚባለው ይህ ነው። ጨረቃ ደግሞ የራሷ መንገድ አላት። የአቴናው ሜቶን በ432 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ እንዳስታወቀው፣ 19 የፀሐይ ዓመታትና 235 የጨረቃ ወራት ከሞላ ጎደል እኩል ናቸው። 19 በ4 ሲባዛ 76፣ ዐውደ ማኅተም፤ 76 በ7 ሲባዛ 532።

አንባቢ ሆይ፣ ሁለት መንኰራኵሮችን አስብ። አንዱ በ6፣ ሌላው በ4 ቢዞር፣ ከተነሡበት ቦታ ዳግም የሚገናኙት በ24 ሳይሆን በ12 ነው፤ 2 የጋራ አካፋያቸው ስለሆነ መንገዱን ያሳጥርላቸዋል። 19 ግን ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ከ28 ጋር የሚጋራው ምንም የለም። ስለዚህ 19 እና 28 እስከ መጨረሻው ብዜታቸው ድረስ ሳይገናኙ ይጓዛሉ። የጥንት ሮማውያን ክርስቲያኖች አጭሩን መንገድ ሞክረውት ነበር። የእነርሱ ዙር 84 ዓመት ነበር፤ የ28 ሦስት እጥፍ፣ ለመያዝም የቀለለ። ጨረቃይቱ ግን አልታዘዘችም፤ ከሠንጠረዡ እየራቀች ሄደች። በ457 ዓመተ እግዚእ የአኲታንያው ቪክቶሪዩስ የ532 ዓመት ሠንጠረዥ አዘጋጀ።

የእኛ ሊቃውንት ስለ ብቸኛ ቁጥር ስም አውጥተው አልተከራከሩም፤ የሚኖሩት በቀሪ ውስጥ ነበር። ትውፊቱ እንደሚተርከው፣ 12ኛው የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳስ ድሜጥሮስ ሌሊቱን 23፣ ቀኑን 7 ሱባዔ ገባ። 23 ጊዜ 7 161 ነው፤ ሠላሳ ሠላሳውን ሲጥሉት 11 ይቀራል። 7 ጊዜ 7 49 ነው፤ 19 ይቀራል። አንዱ ጥንተ አበቅቴ፣ ሌላው ጥንተ መጥቅዕ ሆነ። የ2000 ዓ.ም.ን ስሌት እንይ፦ 5500 ተጨምሮበት 7500፤ ለ19 ሲካፈል 14 ይቀራል፤ አንዱ ሲቀነስ ወንበሩ 13። 13 በ11 ተባዝቶ፣ ሠላሳው ተጥሎ 23፤ በ19 ተባዝቶ 7። የሁለቱ ድምር 30 ነው፤ ሁልጊዜም 30 ነው፤ 11 እና 19 ራሳቸው 30 ናቸውና። የሺህ ዓመቱን ድርሳን ከዚህ በላይ የሚያስደንቀኝ ቦታ የለም።

የምዕራቡ ዓለም በ1582 የጎርጎርዮስን ቀመር ሲቀበል ይህ ዙር ተሰበረ። የእነርሱ ትንሣኤ ሙሉ ዙሩን የሚጨርሰው በ5,700,000 ዓመት ነው፤ ይህን ያህል ዙር ለሰው ልጅ ዙር አይባልም።

በእኛ ዘንድ ግን ዙሩ ለሰው የቀረበ በመሆኑ ጸሐፍት ዓመታትን በእርሱ ይቆጥሩ ነበር፤ 532 ሲሞላ እንደገና ከ1 ይጀምራሉ። እንዲህ ያለው ዙር በአውሮፓ አቆጣጠር በ284፣ በ816፣ በ1348 ተጀምሯል። አንድ የብራና ጸሐፊ በመጽሐፉ መጨረሻ «በ100 ዓመተ ምሕረት ተፈጸመ» ብሎ ዙሩን ሳይጠቅስ ቢተው፣ መጽሐፉ የ15ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሊሆን ይችላል፤ ወይም የ10ኛው መባቻ። ለእርሱ ግልጽ ነበር፤ በየትኛው ዙር ውስጥ እንደሚኖር ያውቃልና። ለእኛ የደረሰን ቀሪው ብቻ ነው። ድርሻውን የሚፈልግ የዛሬ ተመራማሪ ቁጥሩን ትቶ ወደ ፊደሉ ቅርጽ፣ ወደ ቀለሙ፣ በጸሎቱ መካከል ወደ ተጠራው የንጉሥ ስም ያጎነብሳል።