ድምፃዊ ክብካቤ፦ ፍቺውና ወሰኑ

ድምፃዊ ክብካቤ የድምፅን ድግግሞሽ፣ ቅላጼና ምት ለአእምሮ ዕረፍትና ለሰውነት መረጋጋት የመጠቀም ልምድ ሲሆን፣ ስያሜው ሳውንድ ቴራፒ ለሚባለው የውጭ ቃል አቻ እንዲሆን እዚህ የቀረበ ነው። ድግግሞሽ ወይም ፍሪኩዌንሲ የሚባለው ድምፅ የሚያወጣው አካል በ1 ሰከንድ ውስጥ የሚርገበገብበት ብዛት ነው፤ መለኪያውም ሄርዝ ይባላል። ጤናማ የወጣት ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ሄርዝ ያለውን ድምፅ የሚሰማ ሲሆን፣ ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ ይወፍራል፤ ሲበዛ ደግሞ ይቀጥናል።

ይህን የድምፅ መወፈርና መቅጠን በደቡብ ጎንደር የሚገኙት የጋይንት የዜማ ጉባኤ ቤቶች ያለ መለኪያ መሣሪያ ጠንቅቀው ሲያስተምሩ ኖረዋል። የድጓ ማስመስከሪያዋ ቤተ ልሔምና የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያዋ ዙር አምባ የሚገኙት በዚሁ አገር ነው። በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ስልቶች የሚዜመው የቅዱስ ያሬድ ድርሰት በፊደሉ ላይ በሚጻፉ ምልክቶች የሚመራ ሲሆን፣ ከእነዚህ አንዱ የሆነው ደረት ድምፁ ዝቅ ብሎ ከደረት እንዲወጣ ያመለክታል። ከጋይንት እስከ ስማዳና እስቴ ባሉ አድባራት የሚቆመው ማኅሌትም በዝግታ ተጀምሮ፣ በጸናጽልና በከበሮ እየታጀበ፣ ደረጃ በደረጃ የሚፈጥን ነው።

ረጅም ሐረግ በአንድ ትንፋሽ ሲዜም አየር ከሳንባ ቀስ ብሎ ስለሚወጣ፣ የልብን ምት የሚያረግበው የነርቭ ክፍል ይበረታል። እ.ኤ.አ. በ2001 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት የታተመው የሉቺያኖ በርናርዲና የባልደረቦቹ ጥናት፣ የመቁጠሪያ ጸሎትና ማንትራ የሚባለውን የዮጋ ቃል መድገም አተነፋፈስን በደቂቃ ወደ 6 ጊዜ ዝቅ እንደሚያደርግና የልብና የደም ሥር ቅንጅትን እንደሚያሻሽል አሳይቷል። ጥናቱ በያሬዳዊ ዜማ ላይ የተደረገ ባይሆንም፣ ቀስ ብሎ የሚወጣው ትንፋሽ ለሁለቱም የጋራ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው፣ የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው የኮክሬን ድርጅት ግምገማም 2,051 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 26 ሙከራዎች መርምሮ፣ ሙዚቃ ማዳመጥ ከቀዶ ሕክምና በፊት የሚሰማን ጭንቀት ሊቀንስ እንደሚችል ደምድሟል። በአንጻሩ 528 ሄርዝን የመሰለ አንድ የተወሰነ ቁጥር በሽታ ይፈውሳል የሚለው አባባል የጸና ማስረጃ የለውም። የኩላሊት ጠጠር በድምፅ ሞገድ የሚሰበረው በሐኪም ቤት፣ ለዚሁ በተሠራ መሣሪያና በባለሙያ እጅ ስለሆነ፣ ከዚህ ልምድ ጋር ሊምታታ አይገባም። በስያሜው ውስጥ ሕክምና ሳይሆን ክብካቤ የሚለው ቃል የተመረጠውም ስለዚህ ነው፦ ድምፅ የታመመን ሰው ያረጋጋል እንጂ መድኃኒቱን አያስጥልም፤ ዜማውም ከሁሉ በፊት ጸሎት በመሆኑ፣ ዕረፍት ፈልጎ የሚያደምጠው ሰው ሁሉ ክብሩን ሊጠብቅለት ይገባል።